ኮምፖዚትን ሪሳይክል ለማድረግ የሚቋቋሙ የጋራ ፕሮጀክቶች፦ የት ይሠራሉ፣ የትስ ይቆማሉ?

ያቀረቡትን ጥያቄ ሌሎች አንባቢዎችም እንዲከተሉት በአጭሩ ልድገመው። የፋይበርግላስና የካርቦን ፋይበር ክፍሎችን (በአንድ ስም ኮምፖዚት የሚባሉትን) በሚያመርት ድርጅት ውስጥ የምርት ኃላፊ ነዎት፤ የቁርጥራጭና የተበላሸ ምርት ክምር ከዓመት ዓመት እየጨመረ ነው፤ ከሌሎች አምራቾች፣ ከአንድ ዩኒቨርሲቲና ከአንድ የሪሳይክል ኩባንያ ጋር የጋራ ፕሮጀክት ውስጥ እንድትገቡ ግብዣ ቀርቦላችኋል። እንዲህ ያለው ጥምረት በእርግጥ ቆሻሻን ይቀንሳል ወይስ የዓመታዊ ሪፖርት ማሳመሪያ ሆኖ ይቀራል፣ ደግሞስ አንድ መፍጫ ማሽን ገዝተን ለብቻችን ብንሠራው ምን ይጎድለናል ብለው ጠይቀዋል።

ለብቻ መሥራቱ በአብዛኛው አያዋጣም። የጋራ ፕሮጀክትም ቢሆን በጋራ ስለተሠራ ብቻ አይሳካም። በእኔ ግምት ዕጣውን ከኬሚስትሪውም ሆነ ከማሽኑ ይልቅ የሚወስነው፣ ከሂደቱ መጨረሻ የሚወጣውን ቁስ ገንዘብ ከፍሎ የሚወስድ ድርጅት ከመጀመሪያው ስብሰባ ጀምሮ በአባልነት መገኘቱ ነው። ለምን እንዲህ እንዳልኩ ለማስረዳት ከቁሱ ባሕርይ መነሣት ይኖርብኛል። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ብረትና አሉሚኒየም ቀልጠው እንደገና ይፈስሳሉ፤ ብዙዎቹ ፕላስቲኮችም እንዲሁ። ኮምፖዚት ግን ጥንካሬውን ያገኘው ሁለት የማይመሳሰሉ ነገሮች፣ ማለትም ፋይበርና ሬዚን (ፋይበሩን የሚይዘው ሙጫ መሰል ፕላስቲክ)፣ እንዳይላቀቁ ሆነው በመጣበቃቸው ነው። ትልልቅ የኮምፖዚት አካላት በአብዛኛው የሚሠሩባቸው ፖሊስተር፣ ቪኒል ኤስተርና ኤፖክሲ ከማጠንከሪያቸው ጋር ተቀላቅለው አንድ ጊዜ ከጠነከሩ በኋላ፣ ሞለኪውሎቻቸው በሁሉም አቅጣጫ ስለሚተሳሰሩ ቢሞቁ ይከስላሉ እንጂ አይቀልጡም። ዕቃው ለ20 እና ለ25 ዓመታት ዝናቡንም ፀሐዩንም ችሎ እንዲቆይ ያደረገው ጠባይ፣ ዕድሜው ሲያበቃ መልሶ እንዳይፈታ የሚያደርገውም ጠባይ ነው።

የነፋስ ተርባይን ክንፍ በመጋዝ ተቆርጦ የተቆረጠው ፊቱ ሲታይ ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። ከላይ የቀለም ሽፋን አለ፤ ከሥሩ በሬዚን የተያዘ የመስታወት ፋይበር ንብርብር ይከተላል፤ በመካከሉ ቀላል የሆነ የባልሳ እንጨት ወይም የፕላስቲክ ፎም ተቀብሯል፤ ዋናውን ሸክም በሚሸከመው ክፍል ላይ በአንዳንዶቹ የካርቦን ፋይበር ይገኛል፤ ሁለቱን ግማሾች የሚያያይዘው ወፍራም ማጣበቂያ፣ ከጫፍ እስከ ሥር የተዘረጋው የመብረቅ ማውረጃ ገመድና በሥሩ ላይ የተቀበሩት የብረት ብሎኖች ደግሞ ለየብቻቸው ናቸው። ይህ ሁሉ ሳይለይ ወደ አንድ መፍጫ ከገባ ማንም የማይፈልገው ድብልቅ ሆኖ ይወጣል። የትኛው ንብርብር የት እንዳለና ሬዚኑ የምን ዓይነት እንደሆነ በእርግጠኝነት የሚያውቀው አምራቹ ብቻ ነው፤ ቆራጩና ፈጪው ግን ሌሎች ሰዎች ናቸው። ጥምረት ግድ የሚሆንበት አንዱ ምክንያት ይህ የመረጃ ክፍተት ነው።

ሌላው ምክንያት መጠን ነው። የሪሳይክል ፋብሪካ የሚያተርፈው በየቀኑ ተመሳሳይ ጥሬ ዕቃ ሳይቋረጥ ሲገባለት ነው፤ የኮምፖዚት ቆሻሻ ግን በየቦታው ተበትኖና በማዕበል መልክ የሚመጣ ነው፤ በአንድ ወቅት የተተከሉ ተርባይኖች በአንድ ወቅት ይወርዳሉ፤ ከዚያ ለዓመታት ዝምታ ይሆናል። የአውሮፓ የነፋስ ኃይል ማኅበር ዊንድዩሮፕ፣ የኬሚካል ኢንዱስትሪው ማኅበር ሴፊክና የኮምፖዚት ኢንዱስትሪው ማኅበር ዩሲያ በ2020 በጋራ ባወጡት ሪፖርት ላይ፣ በ2025 ከነፋስ ኃይል ዘርፍ ይወጣል ተብሎ የተገመተው የዚህ ዓይነት ቆሻሻ 66,000 ቶን ገደማ ነበር። ይህም በአውሮፓ ከሁሉም ዘርፎች ይወጣል ከተባለው አንድ አሥረኛ ያህል ብቻ ነው፤ የቀረው ከግንባታ፣ ከኤሌክትሪክ ዕቃዎች፣ ከተሽከርካሪዎች፣ ከጀልባዎችና ከመሳሰሉት የሚመጣ ነው። በሕዝብ ዓይን የችግሩ ምልክት የሆነው ግዙፉ የተርባይን ክንፍ ቢሆንም፣ የነፋስ ኢንዱስትሪው እንኳ ብቻውን አንድ የተሟላ የሪሳይክል ገበያ ማቆም አለመቻሉን ሦስቱ ማኅበራት አብረው መቀመጣቸው ያሳያል። እንዲህ ከሆነ የአንድ መካከለኛ ፋብሪካ ክምርማ የመፍጫውን ምላጭ መተኪያ ወጪ እንኳ ላይሸፍን ይችላል። ይህን የምለው በማጋነን አይደለም፤ የመስታወት ፋይበር ብረትን ስለሚሞርድ የመፍጫ ምላጮች ሌላ ፕላስቲክ ከሚፈጩት እጅግ ፈጥነው ይዶለዱማሉ።

መፍጫ ገዝተን ለብቻችን ብንሠራው ወዳሉት ልምጣ። ፈጭቶ ዱቄት ማድረግ ከቴክኖሎጂዎቹ ሁሉ ቀላሉ ነው። ችግሩ ዱቄቱ በገበያ ላይ የሚፎካከረው ከካልሲየም ካርቦኔት ጋር መሆኑ ነው፤ ይህ ደግሞ ከድንጋይ ተፈጭቶ የሚሸጥ በጣም ርካሽ መሙያ ነው። የመስታወቱን ፋይበር ርዝመቱን ካሳጠሩትና በደረቀ ሬዚን እንደተሸፈነ ካስቀሩት በኋላ፣ ገዢው ከካልሲየም ካርቦኔት አስበልጦ የሚከፍልበት ምክንያት አያገኝም። በዚያ ላይ የአቧራው ጉዳይ አለ። የመስታወት ብናኝ ቆዳንና የመተንፈሻ አካልን ይቆጠቁጣል፤ የካርቦን ብናኝ ደግሞ ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ የመቆጣጠሪያ ሳጥን ውስጥ ከገባ ሾርት ያስነሳል። ለማሽኑ ያሰቡት በጀት የአቧራ መሳቢያውን፣ የታሸጉ የኤሌክትሪክ ሳጥኖችንና የሠራተኞችን መከላከያ የማይጨምር ከሆነ ስሌቱ ገና አልተጀመረም ማለት ነው።

በመስታወት ፋይበር በኩል ዛሬ በከፍተኛ መጠን የሚሠራው መንገድ የሲሚንቶ ምድጃ ነው። የመስታወት ፋይበር በአብዛኛው ሲሊካ፣ ካልሲየም ኦክሳይድና አሉሚና ነው፤ እነዚህ ሦስቱም ክሊንከር፣ ማለትም ተፈጭቶ ሲሚንቶ የሚሆነውን ቁስ፣ ለመሥራት የሚያስፈልጉ ናቸው። ስለዚህ ተቆራርጦ ወደ ምድጃው የሚገባው ኮምፖዚት ውስጥ ያለው ሬዚን የድንጋይ ከሰልን ተክቶ ይነድዳል፣ መስታወቱ ደግሞ የአሸዋውንና የሸክላውን ድርሻ ይወስዳል፤ የሚጣል አመድ አይተርፍም። በሰሜን ጀርመን ላገርዶርፍ የሚገኘው የሆልሲም ፋብሪካ በዚህ መንገድ ከቀደሙት አንዱ ነው፤ በአሜሪካም የጂኢ ኩባንያ የነፋስ ኃይል ዘርፍ በ2020 መጨረሻ ከቆሻሻ አስወጋጁ ቪዮሊያ ጋር በተፈራረመው ስምምነት፣ የወረዱ ክንፎች ሚዙሪ ውስጥ ተፈጭተው ለሲሚንቶ ፋብሪካዎች እንዲቀርቡ ተደርጓል። ጥንቃቄ የሚሻው ብዙ ጊዜ በመስታወቱ ውስጥ የሚገኘው ቦሮን የተባለ ንጥረ ነገር ነው፤ መጠኑ ከበዛ ሲሚንቶው ቶሎ እንዳይጠና ያደርጋል፤ ስለዚህ ፋብሪካው የሚቀበለውን ድርሻ ይገድባል፣ የጥሬ ዕቃውን የላቦራቶሪ ውጤትም ይጠይቃል።

የአካባቢ ጥበቃ ወገኖች «ይህ ማቃጠል እንጂ ሪሳይክል አይደለም» ሲሉ ሰምተው ይሆናል። ግማሽ እውነት አላቸው፤ ፋይበሩ እንደ ፋይበር አይመለስም፣ ሬዚኑም ይነድዳል። ሆኖም ቆሻሻው መሬት ውስጥ ከመቀበር ጋር ሲነጻጸር መንገዱ እጅግ የተሻለ ነው፤ ምድጃዎቹም ስላሉ አዲስ ፋብሪካ መገንባት አያሻም። እኔ የምቃወመው መንገዱን ሳይሆን፣ አንዳንድ ፕሮጀክቶች ይህንኑ ብቻ እየሠሩ «ዘጠና ከመቶ ሪሳይክል አደረግን» ብለው መናገራቸውን ነው። ከምን ላይ የተሰላ እንደሆነ፣ የነደደው ሬዚን ከቁጥሩ ውስጥ ገብቶ እንደሆነ ሳይጠይቁ እንዲህ ያለ አኃዝ ላይ የድርጅትዎን ስም አያስቀምጡ።

የካርቦን ፋይበር ጉዳይ ከዚህ ይለያል፤ ምክንያቱም አዲሱ ውድ ነው። አዲስ የካርቦን ፋይበር ጥሬ ክሩ ከ1,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ተግሎ ስለሚሠራ ብዙ ኃይል ይበላል፤ ከተረፈ ምርት መልሶ ለማውጣት የሚያስፈልገው ኃይል ግን የዚያ አነስተኛ ክፍልፋይ ነው። ተለምዶ የቆየው ዘዴ ፓይሮሊሲስ ነው፤ ቁርጥራጩ ኦክስጅን በተነፈገው ምድጃ ውስጥ ከ450 እስከ 700 ዲግሪ ገደማ ሲሞቅ ሬዚኑ ወደ ጋዝና ዘይት ይለወጣል፣ ፋይበሩ ይቀራል። በሚገባ ከተቆጣጠሩት የካርቦን ፋይበሩ አብዛኛውን ጥንካሬውን ይዞ ይወጣል። የመስታወት ፋይበር ግን በዚሁ ሙቀት ግማሽ ያህል ጥንካሬውን ሊያጣ ይችላል፤ አዲሱ ራሱ ርካሽ በመሆኑም ለዚህ ሂደት የሚወጣውን ገንዘብ መልሶ የሚያስገኝ ገዢ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ሁለቱን ፋይበሮች ቀላቅሎ የሚያከማች ድርጅት ውዱን በርካሹ ዋጋ የሚጥል ድርጅት ነው።

ከፓይሮሊሲስ ምድጃ የሚወጣውን የካርቦን ፋይበር በእጅዎ ቢይዙት እንደ ተበተነ ጥቁር ጥጥ ሆኖ ያገኙታል። ሬዚን እንዲይዘው የሚያደርገው ቀጭን ሽፋን ተቃጥሏል፤ ክሮቹ አጫጭር ናቸው፣ አቅጣጫም የላቸውም። ከዚህ ሁኔታ ወደ ገበያ ዕቃ የሚያደርሰው ሥራ፣ ማለትም መቆራረጡ፣ ማበጠሩ፣ ወደ ምንጣፍ መልክ ማነጠፉ፣ ወይም ከፕላስቲክ ጋር አቀላቅሎ ለመቅረጫ የሚሆን ፍሬ ማድረጉ፣ ከማለያየቱ ያላነሰ ዕውቀት ይጠይቃል። ለዚህም ነው ቦይንግ በ2018 መጨረሻ ኢኤልጂ ካርቦን ፋይበር ከተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ጋር ያደረገው ስምምነት ለትምህርት የሚጠቅመው። ከ11 የቦይንግ ማምረቻ ሥፍራዎች የሚተርፈው ካርቦን ፋይበር ለኢኤልጂ እንዲሰጥ ሲስማሙ፣ መድረሻው እንደ ኤሌክትሮኒክስ መለዋወጫና የተሽከርካሪ ክፍሎች ላሉ ምርቶች እንደሚሆን አብሮ ተነግሯል። ፋይበሩ ተመልሶ የአውሮፕላን ክንፍ ይሆናል ብሎ ቃል የገባ አልነበረም፤ የደኅንነት ማረጋገጫው ብቻውን ብዙ ዓመታት ይፈጃልና። ወደ ዝቅተኛ ደረጃ መውረድን እንደ ውርደት የሚቆጥሩ ፕሮጀክቶች ብዙውን ጊዜ ሙከራ ላይ ይቀራሉ።

በኬሚካል ማለያየት በኩል ከፍተኛ ተስፋ አለ፣ ከተስፋው ጋርም የሚገባው ትዕግሥት። የነፋስ ተርባይን አምራቹ ቬስታስ ከኬሚካል አምራቹ ኦሊን፣ ከዴንማርክ የቴክኖሎጂ ተቋምና ከኦርሁስ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሴቴክ የተባለውን ፕሮጀክት በ2021 ይፋ አደረገ፤ በ2023 መጀመሪያ ላይም ነባር የኤፖክሲ ክንፎችን መልሶ ወደ ጥሬ ዕቃ የሚለውጥ ሂደት መገኘቱን አስታወቀ። በዚያው ዓመት የኦርሁስ ተመራማሪዎች ሩቴኒየም የተባለውን ብረት እንደ ኬሚካላዊ ለውጥ ማፋጠኛ ተጠቅመው ከክንፍ ቁራጭ ላይ የኤፖክሲውን መሠረታዊ ኬሚካልና ያልተጎዳ ፋይበር ማውጣታቸውን ኔቸር በተባለው መጽሔት ላይ አሳተሙ። ሳይንሱ ድንቅ ነው። ነገር ግን ማፋጠኛው ውድ ብረት ነው፣ ሂደቱም ለቀናት ይዘልቃል፤ ከላቦራቶሪ ወደ ሺህ ቶኖች የሚያሻግረው ድልድይ ገና እየተሠራ ነው። ግብዣ የቀረበላችሁ ፕሮጀክት በዚህ ዘዴ ላይ የቆመ ከሆነ፣ የዚህን ዓመት ክምር ያነሣልኛል ብለው ሳይሆን ለረጅም ጊዜ ምርምር የምናዋጣው ነው ብለው ይግቡበት።

ከአውሮፓ የጋራ ፕሮጀክቶች ውስጥ በእኔ አስተያየት ከሁሉ የበለጠ ትምህርት ያለው ዲኮምብሌድስ ነው። በ2021 በዴንማርክ የተጀመረው ይህ የሦስት ዓመት ፕሮጀክት አሥር አባላት ነበሩት። የተርባይን ባለቤቱ ኦርስቴድ፣ ክንፍ ሠሪዎቹ ቬስታስ፣ ሲመንስ ጋሜሳና ኤልኤም ዊንድ ፓወር፣ የሲሚንቶ ማሽነሪ አምራቹ ኤፍኤልስሚዝ፣ የፓይሮሊሲስ ኩባንያው ማኬን፣ ቆራጭና ሰብሳቢው ኤችጄ ሃንሰን፣ ሁለት ዩኒቨርሲቲዎችና አንድ የኢንዱስትሪ ክላስተር (የኩባንያዎች ኅብረት) ማለት ነው። ዝርዝሩን ልብ ይበሉ፤ ቆሻሻው ከሚወጣበት እስከሚያርፍበት ድረስ ያለው ሰንሰለት ተሟልቷል። የሦስቱ ክንፍ ሠሪዎች ተፎካካሪነት የታወቀ ነው፤ ቢሆንም እያንዳንዱ ክንፍ ከምን እንደተሠራ፣ የት ላይ ቢቆረጥ እንደሚሻልና ምን አደገኛ ነገር እንዳለው የሚገልጽ የጋራ ቅጽ ለማዘጋጀት ተስማሙ። ማንም የምርት ምስጢሩን አልገለጠም፤ ቆራጩ የሚያስፈልገው መረጃ ግን በአንድ መልክ እንዲቀርብለት ተደረገ። ከፕሮጀክቱ ውጤቶች ውስጥ ይህ ቅጽ ከምድጃዎቹ ሙከራ ይልቅ ዕድሜ የሚኖረው ይመስለኛል። እናንተም ከተወዳዳሪዎቻችሁ ጋር ምን መካፈል ትችላላችሁ ለሚለው ጥሩ ምሳሌ ነው፤ የቁስ መረጃ ይካፈላሉ፣ የዋጋና የደንበኛ መረጃ ግን አይካፈሉም፤ ሁለተኛው በውድድር ሕግ ያስጠይቃል።

ዚብራ የተባለው የፈረንሳይ ፕሮጀክት ደግሞ የተነሣው ከሌላኛው ጫፍ፣ ከዲዛይን ነው። በ2020 በናንት ከተማ በሚገኘው የዡል ቬርን የምርምር ተቋም መሪነት ሲጀመር፣ ሬዚን አምራቹ አርኬማ፣ ፋይበር አምራቹ ኦወንስ ኮርኒንግ፣ ክንፍ ሠሪው ኤልኤም፣ የኃይል ኩባንያው ኤንጂና የቆሻሻ አስወጋጁ ሱዌዝ አብረው ገብተዋል፤ በጀቱም 18.5 ሚሊዮን ዩሮ ነበር። በ2022 ኤሊየም በተባለ፣ ሲሞቅ መልሶ ሊፈታ በሚችል ሬዚን 62 ሜትር ርዝመት ያለው ክንፍ ሠርተዋል። እንዲህ ያለው ሥራ ዛሬ ያለውን ክምር አይነካም፤ ከ20 ዓመት በኋላ የሚወርደውን ነው የሚያቀለው። አዲስ ምርት እየነደፋችሁ ካልሆነ በዚህ ዓይነቱ ፕሮጀክት ውስጥ የእናንተ ሚና ጠባብ ይሆናል።

የጋራ ሥራ ወደ ቋሚ ድርጅት ሲያድግ ምን እንደሚመስል ለማየት ወደ አቪዬሽን መመልከት ይቻላል። ኤርባስ ከአጋሮቹ ጋር ከ2005 ጀምሮ በደቡብ ፈረንሳይ ታርብ ላይ ባካሄደው ፓሜላ የተባለ ፕሮጀክት፣ ከአንድ ኤ300 አውሮፕላን ክብደት 85 ከመቶ ያህሉን መልሶ መጠቀም እንደሚቻል አሳየ፤ ታርማክ ኤሮሴቭ የተባለው አውሮፕላን አፍራሽና አከማች ኩባንያም በ2007 ተቋቋመ። ግን ይህን አኃዝ ወደ ዛሬ መውሰድ ያሳስታል። ያ አውሮፕላን በአብዛኛው አሉሚኒየም ነበር፤ አዲሱ ኤ350 ደግሞ ከክብደቱ ከግማሽ በላይ ኮምፖዚት ነው።

ማን ይክፈል የሚለው ጥያቄ በጀልባዎች ዘርፍ የተሻለ መልስ አግኝቷል። ፈረንሳይ በ2019 ሥራ ላይ ባዋለችው ሥርዓት፣ አዲስ ጀልባ ለገበያ የሚያቀርብ ሁሉ መዋጮ ይከፍላል፤ በዚህ ገንዘብ ያረጁ ጀልባዎች ተሰብስበው ይፈርሳሉ፤ ባለቤቱ በአብዛኛው የሚሸፍነው እስከ ማፍረሻው ያለውን የማጓጓዣ ወጪ ነው። የምርምር ድጎማ ሲያልቅ አብሮ የሚያልቅ ፕሮጀክት ብዙ አይቻለሁ፤ መዋጮ ያለበት ግን ሰብሳቢው በሚቀጥለው ዓመትም ሥራ እንዳለው ያውቃል፣ ስለዚህ ማሽን ይገዛል።

አሁን ከሚያውቁት ፋብሪካ እንነሣ። ሪሳይክልን ከማሰብ በፊት ቁርጥራጩ ለምን በዛ ብለው ቢመረምሩ ከማንኛውም ፕሮጀክት ፈጥኖ ውጤት ያያሉ። የጨርቁ አቆራረጥ በኮምፒውተር ሲደራጅ የሚባክነው ይቀንሳል። ሬዚን የተነከረው ጨርቅ፣ ማለትም ፕሪፕሬግ፣ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ገደማ በሆነ ማቀዝቀዣ ውስጥ ካልተቀመጠ ዕድሜው ያጥራል፤ ከማቀዝቀዣው ወጥቶ የቆየበት ሰዓት የማይመዘገብበት ፋብሪካ ሙሉ ጥቅል ይጥላል። ከዚያ የሚተርፈውን ገና ከመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር በሦስት ይለዩት፦ ሬዚን ያልነካው ደረቅ ፋይበር፣ ያልጠነከረ ፕሪፕሬግና የጠነከረው። ደረቁ ፋይበር ምድጃም ኬሚካልም ሳይሻ ተቆርጦ ወደ ምንጣፍነት ሊለወጥ ስለሚችል ከፍተኛ ዋጋ ያለው እሱ ነው፤ ከሌላው ጋር አንድ በርሜል ውስጥ ሲጣል ግን ዋጋው ያበቃል። ያልጠነከረው ፕሪፕሬግ በትልቁ አይከመር፤ ሬዚኑ በራሱ ሲጠነክር ሙቀት ስለሚያመነጭ ክምሩ መሃል ላይ እሳት ሊነሣ ይችላል። መከላከያ ወረቀቱንም ቁርጥራጩ ገና እንደተቆረጠ ማላቀቅ ይሻላል፤ በኋላ የሚሠራው ሰው አይኖርም።

ስምምነቱን ሲያነቡ ለሦስት ነገሮች ጊዜ ይስጡ። የመጀመሪያው ገዢው ነው፤ የተመለሰውን ቁስ የሚወስደው ድርጅት በስም ተጠቅሶ፣ የሚቀበለው የፋይበር ርዝመት፣ የሬዚን ቅሪትና የእርጥበት ልክ በጽሑፍ ከሌለ፣ የሚያመርቱት ናሙና እንጂ ሸቀጥ አይደለም። ሁለተኛው ማጓጓዣ ነው፤ ኮምፖዚት ቀላልና ቦታ የሚይዝ ስለሆነ መኪናው በክብደት ሳይሞላ በስፋት ይሞላል፤ ስለዚህ በየአባሉ ግቢ የሚዘዋወር የጋራ መሰባበሪያ ብዙ ጊዜ ከአንድ ማዕከላዊ መፍጫ ይሻላል። በሕግም በኩል ቁርጥራጩ «ቆሻሻ» ተብሎ ከተመዘገበ ድንበር ማሻገር ፈቃድ ይጠይቃል፤ «ተረፈ ምርት» ተብሎ ከተመዘገበ ግን ሌላ ነው፤ ይህን ከጠበቃችሁ ጋር አስቀድማችሁ ጨርሱት። ሦስተኛው፣ ፕሮጀክቱ ሲያበቃ የሙከራ መሣሪያው የማን እንደሚሆንና የተገኘውን ዘዴ አባላት በምን ክፍያ እንደሚጠቀሙበት ነው።

ለመጀመሪያው ስብሰባም የስድስት ወር የቆሻሻ መዝገብ ይዘው ይሂዱ፤ በፋይበር ዓይነት፣ በሬዚን ዓይነትና በጠነከረ ወይም ባልጠነከረ ተለይቶ፣ በኪሎ የተመዘነ። ሌሎቹም አባላት ተመሳሳዩን እንዲያቀርቡ ይጠይቁ። ድምሩ የሪሳይክል ኩባንያው በወር ከሚፈልገው ዝቅተኛ መጠን በታች ከሆነ፣ ውል ከመፈረም በፊት ጀልባ ሠሪዎችን፣ የታንከርና የቧንቧ አምራቾችን ወደ ጥምረቱ መጋበዝ ይቀድማል።